የቃል ዋስ

የወይዘሮ ሄርሜላ ልብስ ስፌት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ሰላም የሚላት «ሰው ሀብት» የሚባለው ሠራተኛ መዳቢ ነው። ድምፁ የሴት ነው፤ ከበሩ በላይ ከተለጠፈችው ነጭ ሳጥን ይወጣል። እንዴት አደሩ ይላል። ወገብዎ ተሻለዎት ወይ ይላል። ሄርሜላ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ተመስገን፣ ደህና ነኝ ትላለች። ሳትመልስ ከቀረች የስፌት መኪናዎቹ አይነሱም።

ቀጥለው ጋሼ ሙሉዓለም ይገባሉ፤ እሳቸውም ይጠየቃሉ፣ እሳቸውም ይመልሳሉ። ሱሪ የሚያሳጥሩና ዚፕ የሚቀይሩ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ አንዳንድ ቀን ድምፁ ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል፤ አይሰለችም። በቤቱ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከተማው ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያሠራል። እዚያም በር ላይ ሰላም የሚለው ይኸው ድምፅ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚጠርጉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ በእነሱም ጃንጥላ ዘንግ ላይ ነጭ ሳጥን ታስራለች። ታናሹ አርፍዶ ሲመጣ ታላቁ አይቆጣውም። ለምን እንዳረፈደ ሳጥኗ ትጠይቀዋለች፤ ታላቁ ዞር ብሎ ብሩሹን ያራግፋል።

ድሮ የሰው ሀብት ክፍል የነበራቸው ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ነበሩ ይባላል። ኃላፊ የሚባል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ ያነብ፣ አንዱን ይቀጥር፣ ሌላውን ይመልስ ነበር። በትንንሾቹ ቤቶች ደግሞ ባለቤቱ የወደደውን ይቀጥራል፤ የአክስቱን ልጅ፣ የጎረቤቱን ልጅ፣ በር ላይ ቆሞ ያሳዘነውን። ያ ቀርቷል። አሁን አንድ ሰው የሚያሠራም ሺህ የሚያሠራም ሰው ሀብት አለው፤ ሰው ሀብት ደግሞ አንድ ነው። አሠሪ የመጣለትን ሠራተኛ ይቀበላል። ያልመጣለትን አይጠይቅም።

ከድሮው የቀረ ነገር ቢኖር ዋስ ነው። በፊት ዋስ የሚሆነው ሰው ደመወዙን አስይዞ ይፈርም ነበር። አሁን የሚያስይዘው ቃሉን ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ሁሉ አንድ የቃል ዋስ አለው፤ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው። አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ሰው ሀብት ይጠይቃል፣ እናት ትመልሳለች፣ ልጁ ይመደባል።

የሄርሜላ ልጅ ትርንጎ ትባላለች። የአያቶች ስም ተመልሶ ፋሽን በሆነበት ዓመት የተወለደች ናት፤ በክፍሏ ውስጥ ሦስት ትርንጎዎች ነበሩ። ያደገችው ከስፌት መኪና ሥር፣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተኝታ ነው። ተማሪ እያለች እንድትለማመድ ስለሚፈቀድላት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ትሠራ ነበር። የተቀደደ ካፖርት ስትጠግን ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ በጣቱ ፈልጎ ያጣዋል። የምትመኘው የፋብሪካውን የናሙና ክፍል ነበር። አዲስ ልብስ ለማሽን ከመሰጠቱ በፊት እዚያ በሰው እጅ ተቆርጦ በሰው እጅ ይሰፋል። ሄርሜላም ማታ ማታ የምትጸልየው ለዚሁ ነበር፤ ለማንም ግን አልነገረችም።

የጥያቄው ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ጎረቤቷ ኤልሻዳይ ቀሚስ ልትለካ መጥታለች። አንዲት ሙሽራ ከእህቷ ጋር ቬሎ ልታስጠብብ ቆማለች። ትርንጎ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ትተኩሳለች። ድምፁ ከበሩ በላይ መጣ።

«ወይዘሮ ሄርሜላ፣ ስለ ልጅዎ ስለ ትርንጎ ጥቂት ልጠይቅዎት ነበር። አሁን ይመችዎታል?»

ሄርሜላ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። ያደገችው ሰው ፊት ልጁን የሚያሞግስ ወላጅ በሌለበት ቤት ነው። ልጅ በሰው ፊት ከተወደሰ ዓይን ይበላዋል፤ ባይበላው እንኳ ወላጁ ያፍራል። ልጅሽ አደገች ወይ ሲሏት ምኗ አደገ፣ ቁመቷ ነው እንጂ ትላለች። የሚሰማውም ፍቅሯን ከዚያው ውስጥ ያገኘዋል። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ።

«እሷማ ምን ትችላለች ብለሽ ነው፣ እህቴ» አለች ወደ ሳጥኗ ቀና ብላ። «እንቅልፋም ናት። ካልቀሰቀስኳት ቀትር ድረስ አትነሳም።»

ሙሽራዋና እህቷ ተያይተው ሳቁ።

«በእጅ ሥራዋስ?»

«መርፌ ትይዛለች። መያዝ ብቻ ነው ታዲያ።»

«ኧረ በፈጠረሽ» አለች ኤልሻዳይ፣ «ይቺን የመሰለች ልጅ ይዘሽ።» ሄርሜላ ደስ አላት፤ ደስታዋን ለመደበቅ ጨርቁን አራገፈችው።

ኃላፊነት ቢሰጣት ትወጣዋለች ወይ ተባለች። እሷን አምኜ ድስት እንኳ ጥጄ አልወጣም አለች። ሳቁ ጨመረ። ጋሼ ሙሉዓለም ስላልሰማቸው ኤልሻዳይ ጆሯቸው ላይ ደገመችላቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«የመጨረሻ ጥያቄ ነው። እርስዎ አሠሪ እንደመሆንዎ ይቀጥሯት ነበር?»

«እኔ?» አለች ሄርሜላ። «ለጠላቴም አልመኛት።»

ከመጋረጃው ጀርባ የትርንጎ ሳቅ ተሰማ። ድምፁ ስለ ቅንነቷ አመስግኗት ተሰናበተ። የሙሽራዋ ቬሎ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ጠበበ።

ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ጠዋት ጠዋት ነጭ ሳጥን የተለጠፈበት የቀበሌው ግድግዳ ፊት ይሰለፋሉ። አንዱ ይቀርባል፣ ስሙን ይናገራል፣ የሚባለውን ሰምቶ ይሄዳል። ግፊያ የለም። ትርንጎ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ ቀድማ ትደርስ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የራሷን ስፌት ለብሳ። ዛሬ የሚሆንሽ ሥራ አልተገኘም ይላታል ድምፁ፣ ነገ ብቅ በይ። ነገም ብቅ ትላለች።

ፋብሪካው አልሆነም። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ አልሆነም። ዳቦ ቤቱ አልሆነም። ጫማ የሚጠርጉት ወንድማማቾች ደንበኛ የሚቀመጥበትን ወንበር የሚያስተካክል ሰው ፈልገው ነበር፤ ያም አልሆነም። ታላቁ ወንድም ትርንጎን ያውቃታል፤ የሸሚዙን ክርን ጠግናለታለች። ሲያገኛት አንገቱን ደፍቶ እኔማ ባገኝሽ በወደድኩ ነበር አላት፣ በሹክሹክታ፣ ፊቱን ከሳጥኗ አዙሮ።

አንድ ቀን ትርንጎ ግድግዳውን ለምን ብላ ጠየቀችው። መጠየቅ ይቻላል፤ የማይጠየቀው ሰው ስለሚፈራ ነው። ድምፁ መልሱን ራሱ አልሰጣትም። የእናቷን ቃል አሰማት። እንቅልፋም ናት። መያዝ ብቻ ነው ታዲያ። ለጠላቴም አልመኛት። ከኋላ የነበረው ሳቅ ተጠርጎ ወጥቷል። የራሷም ሳቅ አልነበረም። የቀረው ብቻውን የሚናገር የእናቷ ድምፅ ነበር፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ።

ቤት ስትገባ ሄርሜላ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እማ፣ ስትናገሪ ሰማሁሽ» አለቻት።

ሄርሜላ ምን እንደሰማች ስትረዳ ቢላዋውን አስቀመጠች። ያን ቀን የነበረውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሳቀ፣ ኤልሻዳይ ምን እንዳለች። ትርንጎ እዚያው እንደነበርኩ ረሳሽው እንዴ አለቻት፤ አውቃለሁ እኮ እማ፣ አትጨነቂ አለቻት። ሄርሜላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጨነቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሰላምታው እንዳለቀ ሳጥኗ ሥር ቆመች። ልጄ ጎበዝ ናት አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ከበዳት፤ ፊቷ ቀላ። ትጉህ ናት፣ እንደ እጇ ያለ እጅ የለም፣ ያን ጊዜ ያልኩት ለጨዋታ ነው አለች። ድምፁ በትሕትና ሰማት። እናት ልጇን ማወደሷ የሚጠበቅ ስለሆነ በዋስ ቃል ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንደሌለ ነገራት። መልካም የሥራ ቀን ተመኘላት። መኪናዎቹ ተነሱ።

ኤልሻዳይ ከዚህ ተምራለች። የራሷ ልጅ ገና ተማሪ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ግን አልጠበቀችም። ምንጣፍ እያራገፈች የእኔ ልጅ ጊዜ ያከብራል ትላለች። መንገድ ላይ ታክሲ እየጠበቀች ልጄ ታማኝ ነው ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ወደ መብራት ምሰሶው፤ ሳጥን የሌለበት ቦታ የለምና። እየዋለ እያደረ ሌሎቹም እናቶች ጀመሩ። ጠዋት ሰፈሩ ውስጥ ያለፈ ሰው ከየግቢው ይሰማቸዋል፦ ልጄ ታዛዥ ናት፣ ልጄ አይዋሽም፣ ልጄ ሥራ ይወዳል። የሚናገሩት እንደ ጸሎት ነው፣ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ አይልም። ልጆቹ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ቀና ብለው አያዩዋቸውም። ኤልሻዳይ አንድ ጊዜ ለሄርሜላ ልጇ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ሲዋሻት እንደከረመ እየሳቀች ነገረቻት፤ ነገሩን የነገረቻት ግን በጽሑፍ፣ መሬት ላይ፣ በእንጨት ነው። ወዲያው በጫማዋ አጠፋችው።

ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ሄርሜላ የከተማው የሰው ሀብት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ አቶ ፍሬስብሃት የሚባል ሰው አለ። በጽሕፈት ቤቱ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው። ሥራው የሚመጣውን ሰው መስማት ነው።

ሁሉን ነገረችው። አላቋረጣትም።

«ጨዋታ ነበር እኮ» አለችው በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ስቋል።»

«ይገባኛል፣ ወይዘሮ ሄርሜላ። የእኔም እናት ስትጠየቅ ይሄ ልጅ ከጆሮ በቀር ምን አለው ብላ ነው። ይኸው ጆሮዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።»

ሄርሜላ ልትስቅ ፈለገች፤ ሰውየው ግን አልሳቀም። ምህንድስና ተምሮ እንደነበር ነገራት። ከዚያ ነገሩን አስረዳት። ልጇን የምታወድስ እናት ለራሷ ነው የምትናገረው፤ ቃሏ አይመዝንም። ልጇን የምትነቅፍ እናት ግን በገዛ ጥቅሟ ላይ ነው የምትመሰክረው፤ ከዚያ የሚበልጥ ታማኝ ቃል የለም። ስሌቱ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ አዳራሽ በእናቶች ተሞልቶ እንደነበር፣ ሁሉም ያው አንድ ነገር እንዳሉ ነገራት። አሁን የሚመጣ ሰው ቀንሷል።

«ይህን ያሰበው ማነው?» አለች።

«እዚህ አገር ያላደገ ሰው ይመስለኛል» አለ ፍሬስብሃት። «ወይም አድጎ የረሳ።»

መውጫ እንዳለው ጠየቀችው። አንድ አለ አላት። ልጅቱ ራሷ ቀርባ ዋሴ ሐሰት ተናግራለች ካለች ቃሉ ይፋቃል፤ ሌላ ዋስ ተጠርቶ ምደባው እንደ አዲስ ይጀመራል። ነገር ግን ሐሰት የተናገረ ዋስ ከዚያ በኋላ ማሠራትም መሥራትም አይችልም። ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሦስተኛው ዓመት ሳይሞላ መሆን አለበት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ያልተመደበ ሰው ቋሚ ተጠባባቂ ይሆናልና። ቋሚ ተጠባባቂዎችን ሄርሜላ ታውቃቸዋለች። በንጹሕ ልብስ መናኸሪያው አጥር ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ማንም አላባረራቸውም፤ ማንም አይጠራቸውም።

ቤቱን ለመስጠት ወዲያው አልወሰነችም። ሌላ ተስፋ ነበራት። ጋሼ ሙሉዓለም ጡረታ ሊወጡ ነው፤ በገዛ ቤቷ አንድ ቦታ ይከፈታል። የስንብታቸው ቀን ኬክ ተቆረሰ። ድምፁ የሠሩበትን ዘመን አስታውሶ አመሰገናቸው፤ እሳቸው አልሰሙም፤ ሄርሜላ ጆሯቸው ላይ ደገመችላቸው። ከሄዱ በኋላ ሳጥኗ ሥር ቆማ ቦታውን ለልጇ ጠየቀች። ለምና ጠየቀች።

ድምፁ እንደማይችል ነገራት። ይቀጥሯት እንደሆነ ተጠይቀው ለጠላቴም አልመኛት ብለዋል አላት። እርስዎን ከማይፈልጉት ሠራተኛ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው አላት።

በሳምንቱ የመጣችው የሺመቤት የምትባል ልጅ ናት። ከትርንጎ በዕድሜ ትንሽ ታንሳለች፤ ጨዋ ናት፣ እትዬ ሳትል አትጠራም። ዋሷ አክስቷ ነበረች፤ ብዙም አላሞገሰቻት፣ ብዙም አልነቀፈቻት። ስፌት አታውቅም። መስፋትን እንደምትጠላ፣ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ትመኝ እንደነበር በሦስተኛው ቀን ምሳ እየበሉ ነገረቻት። ያሳጠረችው ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ይረዝማል። ሄርሜላ ልጅቷ ስትወጣ ፈትታ ትሰፋዋለች። ትርንጎ ብትሆን ኖሮ የምትለውን ሐሳብ ከራሷ ልታርቅ ትሞክራለች። ልጇን ወደ ቤቱ አምጥታ መኪናው ላይ ብታስቀምጣትም ዋጋ የለውም፤ መኪናው የተመደበ እጅ ካልነካው አይነሳም።

ትርንጎ በዚያን ጊዜ ግድግዳው ጋ የምትሄደው ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነበር። ፀጉሯን መሠራት ትታለች። ቤት ውስጥ መርፌና ክር ነበር፤ በመርፌ መስፋትን የሚከለክል የለም። ሄርሜላ የተቀደደ ልብስ ሆን ብላ አልጋዋ ላይ ትተውላታለች። መጀመሪያ ላይ ማታ ተሰፍቶ ታገኘዋለች። በኋላ በግማሽ ተሰፍቶ፣ ከዚያም እንደተቀመጠ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ለምሳ ስትመጣ ተኝታ አገኘቻት፤ አላመመኝም አለቻት፣ ዝም ብዬ ነው። ሄርሜላ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወሰነች።

«ሐሰት ተናግራለች በያቸው» አለቻት።

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ጣራና ግድግዳ ነው። እኔ ስንት ዓመት ልሠራ ነው ደግሞ።»

ትርንጎ መጀመሪያ አይሆንም አለች። ሄርሜላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ስላልሠራ ተቆጣች፤ ቁጣዋ ስላልሠራ ለመነቻት። ልጅቷ በመጨረሻ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ምሽት ምሽት ተለማመዱ። ሄርሜላ ድምፁን ሆና ትጠይቃለች፤ ትርንጎ ትመልሳለች። ሐሰት ነው ትላለች ልጅቷ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ቀና በይ፣ ጮክ በይ ትላታለች እናቷ። አንድ ምሽት ትርንጎ በጥያቄው መሐል ድምፁን አስመስላ «ወይዘሮ ሄርሜላ፣ ወገብዎ ተሻለዎት ወይ?» አለች፤ አቀራረቡ፣ ትሕትናው፣ ሁሉም ቁርጥ እሱ። ሄርሜላ ወገቧን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ልጇም ሳቀች። ያ ሳቅ ለሄርሜላ ብዙ ተስፋ ሰጣት።

የቀጠሮው ቀን ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አዳራሹ ያው ነው። ፍሬስብሃት ወንበር አቀረበላቸውና ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ድምፁ ሁለቱንም እንዴት አደራችሁ አለ።

መጀመሪያ ሄርሜላ ተጠየቀች። ሐሰት መናገሯን አመነች፤ ሥራና ማሠራት ለዘለቄታው እንደሚቀርባት ታውቅ እንደሆነ ስትጠየቅ አውቃለሁ አለች። ቀና ብላ፣ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ተለማምዳዋለችና።

«ትርንጎ» አለ ድምፁ፣ «ዋስሽ ስለ አንቺ የተናገረችው እውነት ነው ወይስ ሐሰት?»

ሄርሜላ እጇን ያዘቻት። ድምፁ አትቸኩይ አላት።

«መጀመሪያ ሐሰት ነበር» አለች ትርንጎ።

ፍሬስብሃት ቀና አለ።

«አሁንስ?»

«አሁን እውነት ነው» አለች። «ካልቀሰቀሰችኝ አልነሳም። መርፌ መያዝ እይዛለሁ፣ አልሰፋበትም። ድስት ጥደሽ ውጪ ብባል እኔም ራሴን አላምንም። እማ፣ አትቆጪኝ፣ ይሄን ቤትሽን ላተርፍ ብዬ አይደለም። ጠየቀኝ፣ መልሱ ይሄ ስለሆነ ነው።»

ሄርሜላ ተነስታ መናገር ጀመረች። ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ አለች፤ ልጄ እንዲህ አልነበረችም፣ ሦስት ዓመት ሰልፍ ላይ ያቆመ ሰው ምን ይሆናል አለች። ድምፁ እስክትጨርስ ጠበቃት። የተጠየቀው ቃሉ እውነት መሆኑ እንጂ እውነት የሆነበት ምክንያት አለመሆኑን አስረዳት። የዋሷ ቃል በልጅቱ ራሷ ስለተረጋገጠ ይጸናል አለ። የልብስ ስፌት ቤቱ በወይዘሮ ሄርሜላ እጅ ይቆያል። ትርንጎ ከመጪው ወር ጀምሮ ጠዋት ግድግዳው ጋ መምጣት አይጠበቅባትም። ሁለቱንም ስለ ቅንነታቸው አመሰገነ።

ፍሬስብሃት እስከ በሩ ሸኛቸው። ቆሞ እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ ከዚያ መልሶ ገባ።

የያዙት ታክሲ ሰው ሞልቶት ስለነበር ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ። ትርንጎ በመስኮቱ በኩል ነበረች። ጥቂት እንደተጓዙ ሄርሜላ ጀመረች። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የጀመረችው።

«አባትሽ የሞተ ጊዜ ኮቱን አጥብበሽ ለአጎትሽ ሰጠሽው። ታስታውሻለሽ? አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ ኮቱን ነው ያየው። ልክ አባትሽ የገባ መስሏቸው። እኔ እንደዚያ ያለ ስፌት በሕይወቴ ሰፍቼ አላውቅም። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ሰው ስለነበረ ተውኩት። በማግስቱም ተውኩት። ማታ ስትተኚ እጅሽን አይቼው አውቃለሁ፣ ትርንጎዬ። እግዜር ለእኔ ያልሰጠኝን ለእሷ ሰጣት እል ነበር። ጎበዝ ነሽ። ከእኔ ትበልጪያለሽ። ከጋሼ ሙሉዓለምም ትበልጪያለሽ። ከማንም ትበልጪያለሽ።»

ድምፅዋ ሳታውቀው ከፍ ብሎ ነበር። ተሳፋሪዎቹ አልዞሩም። ከፊት ያለው ሰውዬ ስልኩን አየ፤ ልጅ የታቀፈች ሴት የልጇን ኮፍያ አስተካከለች። እንዲህ የምትናገር እናት በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው። ሁሉም ተራው የደረሰ ልጅ አላት ብለው አሰቡ።

ትርንጎ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሳችም። ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«እማ፣ ይሄን የምትይው ለእኔ ነው ለሳጥኗ?»

ሄርሜላ አፏን ከፈተች። የታክሲው ጣራ ላይ ነጯ ሳጥን እንደ ሁልጊዜው በርታለች። ለአንቺ ነው ብትላት ያም ይሰማል፤ ይመዘገባል፤ እናት ልጇን ማወደሷ የሚጠበቅ ነው ይባላል። ልጇም ይህን ታውቃለች። ታክሲው ሦስት ቦታ ቆሞ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፤ ሄርሜላ የምትመልሰውን እየፈለገች ሰፈራቸው ደረሱ።